ዛቪዬ ዶላን «በማንነቱ ብቻ ታወቀ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ካናዳዊው ተዋናይ፣ ጸሐፊና ዳይሬክተር ዛቪዬ ዶላን የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን በፊልም ሠሪዎች መካከል ሲዘዋወር ከርሟል። መነሻው ቅሬታ ነው። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎና በሱሉልታ በአነስተኛ ቡድን ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች የዚህን ሰው አሠራር መቅዳት አብዝተዋል ይላል። ሲጨመቅ አምስት ነጥብ አለው፦ ሰውየው የታወቀው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በግልጽ ስለተናገረ ነው፤ አንድ ሰው እየተወነ ዳይሬክት ማድረግ አይችልም፤ ካሬ ምስል ጉራ ነው፤ ሥራው የመንግሥት ገንዘብ ውጤት ስለሆነ ለእኛ አይሆንም፤ ታሪኮቹም ከኑሯችን ጋር አይገናኙም።

ጸሐፊው ለአማርኛ ፊልም ተቆርቋሪ መሆናቸውን አንጠራጠርም። ሆኖም ጽሑፉን አምኖ ቀረጻ የሚወጣ ወጣት የሚሳሳትባቸው ነገሮች ስላሉ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን። አምስቱ እኩል ክብደት የላቸውም፤ የምንቆየው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በማንነቱ ታወቀ።» ዶላን ማንነቱን ደብቆ አያውቅም፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይም ወንድ የሚያፈቅር ወጣት ነው። ይህን የሚክድ የለም። ሙያውን ሁሉ በዚያ መተርጎም ግን ሰውየው ከዚያ በፊት ምን ሲሠራ እንደነበረ መዝለል ነው። በ1989 ሞንትሪያል ውስጥ ከግብፅ ተወላጅ ተዋናይ አባት ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ ማስታወቂያ ላይ ሠርቷል። ከዚያም የእንግሊዝኛ ፊልሞችን በኬቤክ (ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ የካናዳ ግዛት) ፈረንሳይኛ በድምፅ የመመለስ ሥራ ገባ፤ በሃሪ ፖተር ፊልሞች የሮን ዊዝሊ ድምፅ እሱ ነው። ድምፅ የሚመልስ ሰው ዓረፍተ ነገርን የሚለካው በከንፈርና በትንፋሽ ነው። ቃሉ ከአፍ እንቅስቃሴው ከረዘመ ይቆረጣል፣ ካጠረ ይሞላል። ኋላ በጻፋቸው የጭቅጭቅ ትዕይንቶች ውስጥ አንዱ የሌላውን ቃል አፍ ላይ ሲነጥቅ የሚሰማው ጥንካሬ ከዚህ ልምድ ጋር የሚገናኝ ይመስለናል። የፊልም ትምህርት ቤት አልገባም።

በ2009፣ በሃያ ዓመቱ፣ «እናቴን ገደልኳት» የተባለው ፊልሙ በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል የዳይሬክተሮች ዘርፍ ሦስት ሽልማት ወሰደ። በ2014 «ማሚ» የካንን የዳኞች ሽልማት ከሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዣን-ሉክ ጎዳር ጋር ተጋራ። በ2016 «የዓለም ፍጻሜ ብቻ ነው» በተባለው ፊልሙ የፌስቲቫሉን ሁለተኛ ትልቅ ሽልማት፣ ግራን ፕሪን፣ አገኘ። በዚያው ፊልም በ2017 የፈረንሳይን ሴዛር በምርጥ ዳይሬክተርነትና በምርጥ ኤዲቲንግ ወሰደ። ኤዲቲንግን የሚዳኝ ሰው የሚያየው ምስሉ የት እንደተቆረጠ እንጂ የሠሪውን ማንነት አይደለም።

ጸሐፊው አንድ ነገር ዘለዋል። በ2012 በካን ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ጉዳይ ለሚያነሡ ፊልሞች የሚሰጠው ኲር ፓልም ለዶላን ሲሰጥ፣ እንዲህ ያለ መለያ ፊልሞችን ከሌላው ነጥሎ ያጥራል ብሎ አልተቀበለውም። በማንነቱ ሊነግድ የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም። የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 629 ጠቅሰው «እንዲህ ያለ ሰው አይጠና» ማለታቸውም አልገባንም። አንቀጹ በተመሳሳይ ፆታ መካከል ስለሚፈጸም ድርጊት ነው የሚናገረው፤ አንድ ዳይሬክተር ካሜራውን የት እንዳቆመ ስለማጥናት አይናገርም። ሥራን ለመንቀፍ ሰውየውን ማዋረድ አያስፈልግም ነበር።

«አንድ ሰው ራሱን እያየ መተወን አይችልም።» በዚያው ቅጽበት አይችልም፤ ትክክል ናቸው። ችግሩ ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ አይሞከር» ማለታቸው ነው። በመጀመሪያ፣ ዶላን ራሱ እስከ 2019 ካወጣቸው ስምንት ረጅም ፊልሞች ዋና ሆኖ የተወነው በአራቱ ብቻ ነው፤ «ማሚ» ውስጥ ዋና ሚና የለውም። ሚናው ለሌላ ሰው ሲስማማ ለሌላ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ሦስቱን ሥራ ደርቦ መያዝን የፈረንጅ ፋሽን ያደርገዋል። ተስፋዬ ገሠሠም ሆኑ ጌትነት እንየው በቴአትራችን ጽፈዋል፣ አዘጋጅተዋል፣ ተውነዋል። ሥራው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ካሜራ ፊት ሲመጣ ግን ሌላ አደረጃጀት ይፈልጋል።

አደረጃጀቱ ከስክሪፕቱ ይጀምራል። ዳይሬክተሩ የሚተውንባቸው ሲኖች (ትዕይንቶች) በቀለም ተለይተው የቀረጻ መርሐ ግብሩ ላይ ይራራቃሉ። በቀን አምስት ገጽ የሚያነሣ ቡድን በእነዚህ ቀናት ከሦስት ገጽ በላይ አይያዝ። የሚባክነው ሰዓት ከካሜራው ወደ ሞኒተሩ፣ ከሞኒተሩ ወደ ቦታው በሚደረገው ምልልስ ነውና። ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት ደቂቃ የሚረዝም ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያነሣው ምስል) በስምንት ቴክ፣ ማለትም ስምንት ጊዜ ተደጋግሞ፣ ቢነሣና እያንዳንዱ ቴክ ተመልሶ ቢታይ፣ ለአንድ ሾት አሥራ ስድስት ደቂቃ ይሄዳል። በቀን አሥር ሾት ካለ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ለማየት ብቻ ጠፋ። መፍትሔው ሁሉን አለማየት ነው። ሦስት ቴክ በተከታታይ ይነሣል፤ የሚታየው የመጨረሻውና ረዳት ዳይሬክተሩ ምልክት ያደረገበት አንዱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ተተኪ ያስፈልጋል፤ መብራትና ፎከስ ሲስተካከል በዳይሬክተሩ ቦታ የሚቆም ሰው። «ማንም ይቁም» ከተባለ ስህተቱ የሚታየው ኤዲቲንግ ላይ ነው። ተተኪው በአንድ ስንዝር ከረዘመ መብራቱ ለእሱ ዓይን ይስተካከልና ዳይሬክተሩ ሲገባ ግንባሩ በርቶ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይቀራል። የቆዳው ቀለም በጣም ከተለየ ደግሞ ኤክስፖዠሩ (ካሜራው የሚያስገባው የብርሃን መጠን) ይሳሳታል። ቁመቱና መልኩ የሚቀራረብ፣ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ልብስ የለበሰ ሰው ይፈለግ። የእግሩ መቆሚያ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፣ ከሌንሱ ያለው ርቀትም በሜትር ይለካ። ከዚያ ሲኑ በተተኪው ሙሉ በሙሉ ተለማምዶ ይቀረጽና ዳይሬክተሩ ያንን አይቶ ፍሬሙን ያርማል። እሱ ራሱ ሲገባ ፍሬሙ አልቆ መሆን አለበት።

«አክሽን» እና «ከት» የሚለው ረዳት ዳይሬክተሩ እንጂ የሚተውነው ዳይሬክተር አይደለም። ከትዕይንቱ ውስጥ ሆኖ «ከት» የሚል ሰው ሁለት ነገር ያበላሻል፤ አብሮት የሚተውነው ሰው ፊቱ ወዲያው ይረግፋል፣ የሾቱም ጭራ ይጠፋል። የመጨረሻው ቃል ካለቀ በኋላ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ መቀረጽ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሲኑ የሚዘጋው በዚያች ዝምታ ነው።

በቅደም ተከተል ረገድ አብሮ የሚተውነው ሰው ፊት አስቀድሞ ይነሣ። ዳይሬክተሩ ከካሜራው ጎን ቆሞ ቃሉን እየሰጠው በደንብ ሊያየው የሚችለው ያን ጊዜ ነው። የራሱ ተራ ሲደርስ ተዋናይ ብቻ ይሆናል። ከዚህ ደንብ የሚያስወጣው ፀሐይ ነው። በኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ መስኮት የሚያሳይ ሾት ካለ የማንም ፊት ይሁን መጀመሪያ ይነሣል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ብርሃን ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ «ትንሽ ቆይተን» የሚባል ነገር የለም።

በዚህ ሥራ በጣም የተለመደውን ጉድለት ጸሐፊው አላነሡትም። ዳይሬክት እያደረገ የሚተውን ሰው፣ አብሮት ያለው ሲናገር፣ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስክሪፕቱን የጻፈው እሱ ስለሆነ ቃሉን በልቡ እየተከተለ ነው። ዓይኑም መስማቱን ትቶ መመዘን ይጀምራል፤ እንደ ፈተና አራሚ ያያል። በትልቅ ስክሪን ላይ ይህ ወዲያው ያስታውቃል። ስለዚህ ሞኒተሩ ላይ የሚቀመጠው ሁለተኛ ዓይን «እንዴት ነው?» ተብሎ በደፈናው አይጠየቅ። ሦስት የተለየ ጥያቄ ይሰጠው፦ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል? ዓይኑ ወደ ካሜራው ወይም ወደ ሞኒተሩ ሸሽቷል? እጁ ቀደም ባለው ቴክ ላይ የነበረበት ቦታ ነው? ለከንፈሩ መድኃኒቱ እጅን ሥራ ማስያዝ ነው፤ ሽንኩርት ይክተፍ፣ ቡና ይልቀም። ሽንኩርት ከተመረጠ ግን የተከተፈው ክምር በየቴኩ ያድጋል። አስቀድሞ እኩል የተከተፈ በሦስት ሳህን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፣ ክምሩም በየቴኩ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ ይነሣ።

አንድ ትንሽ ማስጠንቀቂያ እግረ መንገድ፦ ዳይሬክተሩ ደረቱ ላይ የተሰካው ማይክ በቴኮች መካከል ይጥፋ። ስለ አብሮት ተዋናይ ለረዳቱ ያንሾካሾከው ነገር ሁሉ ሄድፎን ላደረገው ሰው ይሰማል፤ ወሬው ምሳ ሰዓት ላይ የታማው ሰው ጋ ይደርሳል።

ለጀማሪ የሚመከር ሲን ከዚያው ከ2009ኙ ፊልም አለ። ልጁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሱን በካሜራ እየቀረጸ ስለ እናቱ ይናገራል፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ መብራት፣ አብሮ የሚተውን የለም። በኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ይህን መሞከር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሴራሚኩ የሚመልሰው ማሚቶ ብቻ ነው። ከካሜራው ኋላና በሩ ላይ ሁለት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ቢሰቀል አብዛኛው ይወርዳል።

«ካሬው ምስል ጉራ ነው።» «ማሚ» የተቀረጸው ስፋቱና ቁመቱ እኩል በሆነ ምስል ነው፤ የካሜራ ባለሙያው አንድሬ ቱርፓን ነው። ፊልሙ ውስጥ ካሬው የሚሰፋባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። በአንዱ ልጁ በእጆቹ የምስሉን ዳር ግራና ቀኝ ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ሌላው የእናትየዋ ምኞት ነው። ኑሮው ተመልሶ ሲጠብብ ምስሉም ይጠብባል። ይህ በስክሪፕት ደረጃ የተወሰነ ነገር ነው። በዙሪያችን ካሬን ያለ ምክንያት የሚጠቀሙ፣ ያልተዘጋጀ ሎኬሽን ለመደበቅ የሚመርጡትም አሉ የሚለውን ግን እንቀበላለን።

ሥራው ላይ ምን እንደሚለወጥ ጽሑፉ አይነግርም። በ3840 በ2160 የተነሣ ምስል ካሬ ሲሆን 2160 በ2160 ይቀራል፤ ከግራም ከቀኝም 840 ፒክስል ይቆረጣል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በተለመደው ምስል የሚያሳየውን ስፋት በካሬው ውስጥ ለማግኘት ወደ 28 ሚሊሜትር መውረድ ያስፈልጋል። ያኔ ግን ቁመቱ አብሮ ይጨምራል፦ ጣሪያው ይገባል፣ የተሰቀለው አምፖል ይገባል፣ ቡሙ (በረጅም ዘንግ ላይ የተሰካው ማይክ) ከላይ ሸሽቶ ድምፁ ይርቃል። ስለዚህ በካሬ ሥራ ቡሙ ከጎን ይግባ፤ ጎኑ ተቆርጦ ስለሚወድቅ ማይኩ ከጉንጭ እስከ ክንድ ርቀት ድረስ መቅረብ ይችላል። በ28 ሚሊሜትር ፊት ላይ መቅረብም አፍንጫን ያሳብጣል። ሌንሱን ከማስፋት ካሜራውን ወደ ኋላ መጎተት ይሻላል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ማለት ካሜራው ኮሪደር ላይ ወጥቶ በበሩ በኩል ያያል ማለት ነው።

ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካሬ ውስጥ አይበቃም፤ ትከሻቸው ይቆረጣል። አንዱ ወደ ካሜራው ቀርቦ ሌላው ከኋላው በርቀት ይቁም። የኮንዶሚኒየም ደረጃና ረጅም ኮሪደር ለዚህ የተሠሩ ያህል ይመቻሉ፤ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ግን ካሬው አድማሱን ይቆርጥና የቦታው ስፋት ይጠፋል። እዚያ ሌላ ፍሬም ይመረጥ።

ትልቁ ብልሽት ካሬውን «ኋላ ኤዲቲንግ ላይ እንቆርጠዋለን» ማለት ነው። ካሜራማኑ በሰፊው ምስል እያሰበ ሰውየውን ወደ አንድ ጎን ያስቀምጠዋል፣ ሲቆረጥ ግማሽ ፊት ይቀራል። የካሬው መስመር ሞኒተሩ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈት። ተቃራኒው ስህተትም አለ። መስመሩ ስላለ ቡድኑ የመብራት ስታንዱንና ቦርሳውን በሚቆረጠው ክፍል ውስጥ ያቆማል፤ ኋላ ካሬው ይስፋ ሲባል ስታንዱ ምስሉ ውስጥ ቆሞ ይገኛል። የሚሰፋው ሾት ስክሪፕቱ ላይ ምልክት ይደረግበትና ለዚያ ሾት ብቻ ዳሩ ሙሉ በሙሉ ይጽዳ። ፊልሙ ሲያልቅም ካሬውን ብቻውን ማውጣት አይገባም፤ አንዳንዱ ማጫወቻ ይለጥጠዋል። በ1920 በ1080 ውስጥ ግራና ቀኝ 420 ፒክስል ጥቁር፣ ለሲኒማ ቤት በሚዘጋጀው 1998 በ1080 ውስጥ ደግሞ 459 ፒክስል ጥቁር ተደርጎ ይውጣ።

ወጣቶቹ ከዶላን የሚቀዱት ሌላው ነገር፣ ጽሑፉ ያላነሣው፣ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ (ስሎው ሞሽን) ነው። ሌሊት በኮንዶሚኒየም መብራት ሥር በሰከንድ 120 ፍሬም ተነሥቶ ምስሉ ሁሉ ሲርገበገብ ይታያል። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል፤ 120 ከዚህ ጋር አይገጥምም። 50 ወይም 100 ፍሬም በ1/100 ሰከንድ ሸተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ይነሣ። ለተለመደው 25 ፍሬም ሸተሩ 1/50 ነው። ጀነሬተር ሲገባ ኸርዙ ስለሚዋዥቅ ሙከራ ሳይነሣ አይጀመር።

«የመንግሥት ገንዘብ ነው።» የኋለኞቹ ፊልሞች የሕዝብ ድጋፍ አግኝተዋል፤ የመጀመሪያው ግን የተጀመረው በሕፃንነቱ በትወና ባጠራቀመው ገንዘብ ነው፣ የኬቤክ መንግሥት የባህል ተቋም የገባው ኋላ ነው። ከዚህ ለእኛ የሚጠቅመው ቁጠባው ነው። ልብሱንና ኤዲቲንጉን ራሱ ይይዛል፣ አን ዶርቫልንና ሱዛን ክሌማንን ከፊልም ፊልም ይመልሳል፤ የሚያውቁት ተዋንያን ልምምድ ያሳጥራሉ። በከተማ ዳር ገንዘብ የሚበላው መንገድ ነው። መሣሪያ የሚከራየው በቀን ስለሆነ ከመሀል ከተማ ሰንዳፋ ወይም ሰበታ ለመድረስ የጠፋው ሰዓት ከቀረጻው ይቀነሳል፤ ሎኬሽኖቹ በእግር የሚደረስባቸው ይሁኑ። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር ያለው ሲን ጠዋት ይለቅ፤ ዝናቡ ከሰዓት ሲጀምር ድምፅ የማያስፈልገው ይነሣ።

«ታሪኮቹ ከእኛ ጋር አይገናኙም።» «ማሚ» ባሏ የሞተባት እናት የሚያስቸግር ልጇን ብቻዋን ስታሳድግ ነው። እናትና ልጅ ማዕድ ላይ ይጣላሉ፣ ጎረቤት ትገባለች። ይህ ለየትኛው ብሎክ ነው እንግዳ የሚሆነው? ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት የሞንትሪያል ሠፈር ፈረንሳይኛ በመሆኑ ፓሪስ ላይ ሳይቀር ጽሑፍ ተጨምሮበት ነው የታየው። ለገጣፎና ቡራዩ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ እየሰማ ለገጸ ባሕርያቱ የሬዲዮ ዜና አማርኛ የሚሰጥ ጸሐፊ ከዚህ የሚማረው አለ።

በመጨረሻ ያነሡት የ2018ቱን «የጆን ኤፍ. ዶኖቫን ሞትና ሕይወት» ነው፤ በዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር ነን። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፊልሙ ነበር፤ የመጀመሪያው ቅንብር አራት ሰዓት ገደማ ረዝሞ፣ የጄሲካ ቻስቴይን ሚና ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ወጣ፣ ተቺዎችም አልወደዱትም። ጸሐፊው ግን ምክንያቱን ትወናና ዳይሬክቲንግን መደረብ ያደርጉታል፤ እዚያ ፊልም ላይ ዶላን አልተወነም። በእኛ ግምት አደጋው ያለው ጽፎ፣ ቀርጾ፣ ኤዲት የሚያደርገው አንድ ሰው ሲሆን ነው፤ የተቀረጸውን ሁሉ ለምን እንደተቀረጸ ስለሚያውቅ የሚጎድለው አይታየውም። የመጀመሪያው ቅንብር ሲያልቅ ቀረጻው ላይ ላልነበረና ስክሪፕቱን ላላነበበ ሰው ይታይ። «ወደድከው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ እንዲነግር ነው የሚጠየቀው። ሳይጠቅሰው የዘለለው ሲን ይመዘገባል። ሁለተኛ ሰውም ያንኑ ከዘለለው ሲኑ ወጥቶ ፊልሙ አንድ ጊዜ ይታይ፤ ምንም ካልጎደለው እንደወጣ ይቀራል፣ ዳይሬክተሩ ራሱ የተወነበት ቢሆንም።